ቆብና መቀነት

ነገሩ የሆነው ሩቅ አገር ነው። የነገሩን ሽማግሌ እንደዚያ ብለውናል፤ ሲነግሩን ግን ግራና ቀኛቸውን ይቃኙ ነበር።

በዚያ አገር ሰው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ ምዘና አዳራሽ ይወሰዳል። በአዳራሹ መካከል መዛኙ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። "የጎረቤትህ ቤት ሲቃጠል ውኃ ትፈልጋለህ ወይስ ትጮኻለህ?" ውኃ እፈልጋለሁ ያለ ቆብ ይደፋለትና ባለ ራስ ይባላል። እጮኻለሁ ያለ መቀነት ይታጠቅና ባለ አንጀት ይባላል። "እየጮኽሁ ውኃ እፈልጋለሁ" የሚል የተገኘ እንደሆነ ግን ጥያቄው አልገባውም ተብሎ እስኪገባው ድረስ ደጅ ይቀመጣል። አብዛኛው ሰው ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ኑሮው ሁሉ የተደለደለ ነው። ባለ ራስ ለቅሶ ቤት ሲሄድ የድንኳኑን አተካከል ይመረምራል እንጂ አያለቅስም። ባለ አንጀት ገበያ ሲወጣ ዋጋ አይጠይቅም፤ የነጋዴውን ፊት አይቶ የመሰለውን ይሰጣል። የዚያ አገር ነጋዴዎች ቅቤ ሲሸጡ እንኳ እናታቸው የሞተችባቸው የሚመስሉት ለዚህ ነበር። ጋብቻም አንድ ቆብ ከአንድ መቀነት ጋር ብቻ ነው የሚፈቀደው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ባለ ቆቡ ያስረዳል፣ ባለ መቀነቱ ይከፋዋል፤ ተራ መለዋወጥ ክልክል ነው።

እኛ ይህን ስንሰማ ሳቅን። ሽማግሌው እስክንጨርስ ጠበቁና፣ "እነሱም ስለ ጎረቤቶቻቸው ሲሰሙ እንዲሁ ይስቁ ነበር" አሉን።

በዚያ አገር ቢያድግልኝ የሚባል ባለ ራስ ነበር። የክፉ ቀን ጎተራ ሹም ነው። ቆቡን ሲተኛ እንኳ አያወልቅም፤ ስለ ማንኛውም ነገር ሲጠየቅ "እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው" ብሎ ይጀምራል። ባለ ራስ የሆነበትን ምክንያት ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም። በተመዘነበት ቀን ከቤቱ ጀምሮ በፀሐይ በእግሩ መጥቶ ጉሮሮው ደርቆ ነበር፤ መዛኙ ውኃ የሚለውን ቃል ከመጥራቱ "ውኃ!" ብሎ ጮኸ። ቆብ ተደፋለት። ቆቡን ደፍቶ ወደ ምንጭ ሮጠ።

ሚስቱ የውብዳር ባለ አንጀት ናት፤ ሹመቷም የመስኮት አልቃሽ ነው። ይህ እንዲገባችሁ የጎተራውን ሕግ ልንገራችሁ። ጎተራው ያለው በባለ ራሶች እጅ ነው፤ ስለዚህ የጎተራ ሹም የተራበ ሰው እንዳያይ ታዟል፣ ካየ ይራራልና። የተራበውን የሚያዩት ባለ አንጀቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጎተራው ውስጥ እንዳይገቡና ቁጥር እንዳይጠሩ ታዘዋል፣ ከገቡ ያራግፉታልና። በመካከላቸው አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። አልቃሿ ወደ ተራቡት ወርዳ አይታ መስኮቷ ሥር ታለቅሳለች፤ ሹሙ ከውስጥ ሆኖ ስንት ሰው፣ ስንት ቁና ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት ሲወጣ አገሩ ሁሉ አጨበጨበ አሉ። ጎተራው ከዚያ ወዲህ ጎድሎ አያውቅም፤ ሹማምንቱም ይህንን እንደ ትልቅ ሙያ ያወሩት ነበር።

ታዲያ በአንድ ክረምት መውጫ፣ እህል ሊታጨድ ሲል፣ ዝቅዝቅ በሚባለው የታችኛው ሰፈር ላይ በረዶ ወረደ። ሰብሉን ከጭቃ ጋር አቦካው። የውብዳር ወርዳ አየችና ተመልሳ መስኮቷ ሥር ቆመች። መቀነቷን አጥብቃ አለቀሰች። የእሷን ለቅሶ ለመስማት ሐዘን የሌለበት ሰው እንኳ ሥራ ፈትቶ ይመጣል፤ ያን ቀን ግን የመጡት ሁሉ ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው ሄዱ።

"ስንት ናቸው?" አለ ቢያድግልኝ ከውስጥ፣ ድምፁን የሹም አድርጎ።

"ብዙ ናቸው! ወይኔ፣ ብዙ ናቸው!"

"ብዙ ስንት ነው?"

"አንጀት የሚበጥስ ያህል!"

"የተበጠሰ አንጀት ስንት ቁና ይሆናል?"

ለዚህ ሕጉ መልስ አላበጀለትም። ቢያድግልኝ መስኮቷን ዘጋ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ሌሎች አልቃሾችም ወርደው መጡ፣ አለቀሱ፣ ተጠየቁ፣ ተመለሱ።

ቤት ውስጥ የመስኮቷን ነገር ማንሳት ነውር ነው። አንድ ቀን ገበታ ቀርቦ የውብዳር እጇን አልዘረጋችም።

"አትበዪም?" አላት።

"ጠግቤአለሁ።"

"ምንም ሳትቀምሺ? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው..."

"ከሥሩ ማየት ከፈለግህ ውረድና እየው" አለችው።

ቢያድግልኝ ደነገጠ። "ምን አልሽ?"

"ሆዴ አንድ ነገር ይለኛል" አለች፤ ሁልጊዜ እንዲህ ብላ ነው የምትጀምረው። "እኔ አይቻለሁ፣ ቁጥር መጥራት ግን አልችልም። አንተ ቁጥር ትችላለህ፣ ማየት ግን ተከልክለሃል። የተከለከለው ግን ቆብ የደፋ ሰው ነው። ቆብህን አውልቀህ የእኔን መቀነት ብትታጠቅ ማንም አያግድህም። መቀነት የታጠቀ ሰው ደግሞ ቁጥር መጥራት እንጂ ማወቅ አልተከለከለም። አይተህ፣ ቆጥረህ፣ ተመልሰህ ቆብህን ድፋና ራስህን ጠይቅ።"

ቢያድግልኝ የያዘው ጉርሻ በእጁ ላይ ቀረ። ባለ አንጀት ሰው ነገር እንዲህ ሲያያይዝ ሰምቶ አያውቅም። ቆይቶ ግን ሰምቶ እንደሚያውቅ ገባው። በአገሩ ያስከበሩት ብልሃቶች ሁሉ፣ የነቀዝ መከላከያው፣ የጎተራው ወለል ከፍ መደረጉ፣ የሁለቱ ወንድማማቾች የድንበር ፍርድ፣ "ሆዴ አንድ ነገር ይለኛል" ከተባለ በኋላ የተገኙ ነበሩ። እሷ ሆዷ ያላትን ትናገራለች፤ እሱ ሌሊቱን ተኝቶበት ጠዋት "አሰብሁት" ይላል።

"ከተያዝሁስ?" አላት።

ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል። ቆቡን ያወለቀ ባለ ራስ ራሱን እንዳጣ ይቆጠራል። ራሱን ያጣ ሰው ቤት የለውም፣ ሹመት የለውም፣ ሚስት የለውም።

የውብዳር መቀነቷን ፈታ አጠገቡ አስቀመጠችና የራሷን ጉርሻ ጠቀለለች። "ሳይበላ የሚሄድ ሰው የለም" አለች።

ጠዋት ቢያድግልኝ ቆቡን ሣጥን ውስጥ ከትቶ፣ መቀነት ታጥቆ ወረደ። መንገድ ላይ ነፋሱ ፀጉሩን ሲነካው እርቃኑን የሄደ መሰለው። ዝቅዝቅ ሲደርስ ውሻ አልጮኸም፤ ከጣሪያ ላይ ጭስ አይወጣም። አንዲት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ከጭቃ የለቀሙትን እሸት በጣታቸው እየፈለፈሉ፣ የበሰበሰውን ከተሻለው ይለያሉ። እማማ ድንቄ ይባላሉ። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው በቁርበት ላይ ተኝታለች።

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?" አሉት።

"አልቃሽ ነኝ፣ እማማ።"

"ሌላ አልቃሽ?" እማማ ድንቄ ከልባቸው ታከቱ። "ባለፈው የመጣችው ሴትዮ ጥሩ ታለቅስ ነበር። ከሷ በፊት የመጡትም ደህና ነበሩ። ለቅሶስ ጠግበናል፣ ልጄ። እንዲያውም ካነሰህ ከእኛ ውሰድ።"

ቢያድግልኝ አልቃሽ ነኝ ካለ ማልቀስ አለበት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የውብዳር እንደምታደርገው አንገቱን ዘመም አደረገ። ምንም አልመጣም። ዓይኑን ወደ ልጅቷ መለሰ። ዝንብ ከንፈሯ ላይ አርፏል። ልጅቷ ዝንቡን ታያለች፤ አታባርረውም። ቢያድግልኝ ዝንቡን ለማባረር ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለም አንጀቱ ተላወሰ፣ ጉሮሮው እንደታነቀ ፍየል ድምፅ አወጣ። ዕንባውና ንፍጡ አንድ ሆነ። ዜማ የለው፣ ግጥም የለው፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ብቻ ይንሰቀሰቃል።

እማማ ድንቄ እሸታቸውን ትተው አዩት። "ይሄስ ለቅሶ አልተማረም" አሉ። ቀጥለውም፣ "አይዞህ፣ አይዞህ" እያሉ እሳቸው ያባብሉት ጀመር።

ጸጥ ሲል በመቀነቱ ጫፍ ፊቱን ጠረገና፣ "እማማ፣ በስንት ቤት ውስጥ ነው ሰው ያለው?" አለ።

"አልቃሽ ቁጥር ይጠይቃል እንዴ?"

"እኔ እጠይቃለሁ።"

አሮጊቷ እጃቸውን እየዘረጉ ከቤት ወደ ቤት ነገሩት። እዚያ የምታጠባ እናት አለች። እዚያ ሽማግሌና ዓይነ ስውር ወንድማቸው አሉ። እዚያ አምስት ልጆች፣ እናታቸው የተቀበረች። ቢያድግልኝ ሁሉንም በጭንቅላቱ ያዘ። ሰው በማዘን ብዛት ቁጥር የሚጠፋው ይመስለው ነበር፤ እሱ ግን እያንዳንዱን ቤት ከነደጃፉ አስታወሰው።

እስከዚህ ድረስ ያደረገውን ሁሉ አዋቂ ሰው ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ያደረገውን ግን ሽማግሌው ሲነግሩን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። አንጀቱን ከጎለመሰ በኋላ ያገኘ ሰው ጠላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደቀመሰ ጎረምሳ ነው፤ መጠኑን አያውቅም። ቢያድግልኝ ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ቆቡን እንደ መድፋት፣ ያሰበውን እንደ ማውጣት እንደ ማውረድ፣ በቀጥታ ወደ ጎተራው ሄዶ ተዘግቶ የኖረውን ትልቁን በር በረገደው።

"ውሰዱ!" ብሎ ጮኸ። "ወገኖቼ፣ ውሰዱ! ሁሉም የናንተ ነው!"

ይህንን የሰማ ማን ነው? ጎተራው ያለው ላይኛው ሰፈር ነው፤ የሰማው ላይኛው ሰፈር ነው። ቤቱ እህል ሞልቶ የተረፈው ሰው ሁሉ ጆንያ ይዞ መጣ። ጉልበት ያለው ሁለት ጊዜ፣ አህያ ያለው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። እየተገፋፉ ጤፉን ከአፈር ጋር ረገጡት። ቢያድግልኝ በሩ ላይ ቆሞ ያለፈውን ሁሉ ያቅፋል፤ ጆንያ ያሸክማል፤ እያለቀሰ ይመርቃል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደግ ሆኖ አያውቅም። ዝቅዝቆች ወሬውን ሰምተው፣ አንዱ አንዱን ደግፎ፣ ዳገቱን ጀምረው ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ የጎተራው ግማሽ አለቀ።

የውብዳር የደረሰችው ያኔ ነው። የባሏን ቆብ ከሣጥን አውጥታ በእጇ ይዛዋለች፤ እሱን ፍለጋ ነበር የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ የተረገጠውን እህል አየች፣ የሚጋፋውን ሰው አየች፣ ወደ ዳገቱ ዞራ እየተጎተተ የሚመጣውን አየች። እጇን ለሥራ ለማስለቀቅ ቆቡን ራሷ ላይ ደፋችው።

"በሩን ዝጋ" አለችው።

"የውብዬ፣ የተራበ ሰው አለ እኮ!"

"ስላለ ነው ዝጋ የምልህ!"

ዘጋው። እሷም በሩን ተደግፋ ለሕዝቡ ተናገረች። "የምታጠባ እናት ወደ ቀኝ። ሽማግሌና በሽተኛ እጥላው ሥር ይቀመጥ፣ እዚያው ይመጣለታል። መራመድ ላልቻለው አህያ ይጫንለት። ሁለቱ የኋላ ጎታዎች ዘር ናቸው፤ የነካቸው እጁን አያገኘውም። የላይኛው ሰፈር ሰዎች የወሰዳችሁትን ዛሬውኑ መልሱ።"

"ካልመለስንስ?" አለ አንዱ ባለ አህያ።

"ካልመለስህማ" አለች የውብዳር፣ "ነገ ደጃፍህ ድረስ መጥቼ አለቅስብሃለሁ።"

የእሷ ለቅሶ ሙት ይቀሰቅሳል ይባላል፤ በሰላም ቤት ደጃፍ ላይ ሲሰማ ምን እንደሚጠራ ማንም መገመት አልፈለገም። ጀምበር ሳትጠልቅ ጆንያው ሁሉ ተመለሰ። ቢያድግልኝ በጭንቅላቱ የያዛቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ነገራት፤ እሷ ሰፈረች፤ አህዮቹ ወረዱ።

የእማማ ድንቄ የልጅ ልጅ ተረፈች። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ቤት ግን፣ እህሉ ሲደርስ በሩን የሚከፍት አልነበረም። ቢያድግልኝ የዚያን ቤት ነገር በሰማ ጊዜ መስኮቷን ስንት ቀን እንደዘጋ ሊያስብ ጀመረና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ፈራ።

ከዚያማ ተያዙ። አለቃ ላቀው የሚባለው ታላቁ መዛኝ አደባባይ ላይ አስቀረባቸው። አለቃ ላቀው አገሩን ሁሉ ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፤ እሱን ግን ማንም መዝኖት አያውቅም። ለምን ሲባል፣ "ሚዛን ራሱን አይመዝንም" ይላል። በቀኙ ባለ ቆቦች፣ በግራው ባለ መቀነቶች ተቀምጠዋል።

"ጎተራውን የከፈቱት አስበው ነው ወይስ አዝነው?" አለው ቢያድግልኝን።

"አዝኜ ነው፣ አለቃ።"

"እንግዲያው ባለ አንጀት ነዎት።"

"ያዘንሁት ግን ቆጥሬ ነው። ቆጥሬ ስጨርስ ደግሞ ማሰብ አቃተኝ፤ እህሉንም አስረገጥሁት። በዚህ በኩል የሚፈረድብኝ ካለ ይፈረድብኝ።"

አለቃ ላቀው ይህን የሚያስቀምጥበት ስላጣ ወደ የውብዳር ዞረ። "አንቺስ? በተራበ ሕዝብ ላይ በር የዘጋሽው ጨክነሽ ነው ወይስ አስበሽ?"

"አዝኜ ነው።"

አደባባዩ ተንጫጫ። "አዝነሽ በር ትዘጊያለሽ?"

"ዘሩን ባልዘጋበት ኖሮ በሚመጣው ዓመት የማለቅሰው ለማን ነበር?" አለች። "ሰው ሳይኖር አልቃሽ ምን ይሠራል፣ አለቃ?"

ባለ ራሶቹ ተነስተው ለምን መቀጣት እንዳለባቸው በዝርዝር አስረዱ። ባለ አንጀቶቹ ለባልና ሚስቱ አምርረው አለቀሱላቸው፤ አልቅሰው ሲያበቁም ይቀጡ አሉ። ቤታቸው ሊፈርስ፣ እሱ ወደ ምሥራቅ እሷ ወደ ምዕራብ ሊሰደዱ፣ ቃሉ ከአለቃ ላቀው አፍ ሊወጣ ሲል የዝቅዝቅ ሰዎች ወደ አደባባዩ ገቡ። እማማ ድንቄ ከፊት ናቸው። አልተከራከሩም፤ አላለቀሱም። በልተው ያገኙትን ጉልበት ይዘው መጥተው፣ ባልና ሚስቱን ከበው ቆሙ። ዝም ብለው ቆሙ።

አለቃ ላቀው ለሚያስረዳ መልስ አለው፤ ለሚያለቅስም ማባበያ አለው። ዝም ብሎ ለሚቆም ሰው ግን አንድም ደንብ አላገኘም። ላብ አጠመቀውና ነገሩን ወደ ንጉሡ አሻገረው።

የንጉሡ መልስ ብዙ ቆይቶ በነጋሪት መጣ። አገሩ ትንፋሹን ይዞ ሰማ። ሰው በሁለት ብቻ መከፈሉ ግፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሦስተኛ ወገን ተፈቅዷል፤ ስሙም ባለ ሁለት ይባላል። ባለ ሁለቶች ቆብ ይደፋሉ፣ መቀነቱን ደግሞ በቆቡ ላይ ይጠመጥማሉ። የጎተራዋ መስኮት በር ትሁን፤ የውብዳር ጎተራውን ትጠብቅ። ቢያድግልኝም የባለ ሁለቶች መዛኝ ሆኖ ተሹሟል።

እልል ተባለ። ባልና ሚስቱም ቤታቸው ሳይፈርስ ገቡ።

ሰው ነውና፣ ቢያድግልኝ ሹመቱ ጣፈጠው። መቀነቱ ከቆቡ ላይ እየተንሸራተተ ዓይኑን ይሸፍነዋል፤ እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። መጀመሪያ "እኔና መሰሎቼ" ይል ነበር፤ ቆይቶ "እኛ ባለ ሁለቶች" ማለት አመጣ። ባለ ራሶች ደረቆች፣ ባለ አንጀቶች ልፍስፍሶች እንደሆኑ ታየው። ጥያቄውንም አሻሽሎ ሦስት መልስ አበጀለት። አንድ ማታ ለሚስቱ፣ "ባለ ሁለት ከባለ ሁለት ብቻ ቢጋባ ዘሩ ይጠራል" ሲላት፣ የውብዳር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጡን ደፋች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ሆዴ አንድ ነገር ብሎኝ ነው" አለች። ምን እንዳላት አልነገረችውም።

ምዘናው ተጧጧፈ። ከጎተራው ዘር ለመውሰድ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ ወገኑን ማስታወቅ አለበት ተብሎ ስለታዘዘ አዳራሹ ሰው ሞልቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሰልፉ ውስጥ እማማ ድንቄ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ቢያድግልኝ አወቃቸው፤ ግን ሥርዓት ነውና መቀነቱን ከዓይኑ ላይ ገፋ አድርጎ ጠየቃቸው።

"እማማ፣ ራብ ሲመጣ ያስባሉ፣ ያዝናሉ፣ ወይስ ሁለቱንም?"

እማማ ድንቄ ጆሯቸውን አዞሩ። "ምን ሲመጣ?"

"ራብ። ራብ ሲመጣ።"

"ራብ ሲመጣማ እራባለሁ፣ ልጄ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

"ይሄ ከመልሶቹ ውስጥ የለም" አለ ቢያድግልኝ።

እማማ ድንቄ አልተቆጡም። እንደ ደከመው ሰው፣ "ካልክ እሺ" አሉና የሚቀመጡበት ፈለጉ። በዚያ አዳራሽ ከመዛኙ ወንበር በስተቀር መቀመጫ የለም።

ቢያድግልኝ ከአፉ የወጣውን ቃል በአዳራሹ ውስጥ ሲያስተጋባ ሰማው። ያ ድምፅ የአለቃ ላቀው ነበር፤ ቁርጥ እሱን። ፊቱ ጋለ። መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ራሱን በሐሳቡ ከውጭ ሆኖ አየው። መቀነት በጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጭቃ ውስጥ እሸት ለቅመው የኖሩትን ሴት ራብ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ ብሎ የሚጠይቅ ጎልማሳ። ሳቁ ሳያስበው ፈነዳ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሰልፉ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ዘበኛ ጠጋ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ ይሄኛው አራተኛ ወገን ነው ወይ?" ሲለው ይባስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተንከባለለ።

ሲበቃው ቆብና መቀነቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረ። እማማ ድንቄን በክንዳቸው ይዞ ወጣ።

ጎተራው ዘንድ ሲደርሱ የውብዳር የዘሩን ስንዴ ታነፍሳለች። አሮጊቷን በደረቀ ጆንያ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ውኃ ሰጠቻቸው። ከዚያ የባሏን ባዶ ራስ አየች።

"ቆብህስ?"

"አዳራሹ ውስጥ ጥዬው መጣሁ።"

"ተናድደህ ነው ወይስ አስበህበት?"

ቢያድግልኝ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። መሳቁን አስታወሰ፤ ማፈሩን አስታወሰ፤ ከሰልፉ እስከ በሩ ድረስ አንድ ነገር ሲያወጣ ሲያወርድ እንደነበርም አስታወሰ። የትኛው እንደቀደመ ግን አላገኘውም።

"እንጃ" አለ።

የውብዳር ሰፌዷን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

"እንጃ ካልህ" አለችው፣ "ና የጆንያውን አፍ ያዝልኝ።"

ያዘላት። እሷ ሰፈረች። እማማ ድንቄ ከተቀመጡበት ሆነው፣ "ሞላ ሞላ አድርጊው፣ ልጄ፤ ዝናቡ ሊመጣ ነው" አሉ።